ያልተነቀለው ግማሽ

እንኳየሁ ከመካነ ብርሃን ደጋ ወርዳ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር መኖር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ዓሣ አጥማጁ ባሏ ሲሞት እጇ ላይ የቀረችው መኮትኮቻዋ ብቻ ናት፤ በዚያችው ሁለት ልጆች አሳደገች። ምላሷ ስለት ነው፤ እጇ የነካው ተክል ግን ሁሉ ይጸድቃል።

አሁን አያ ጌትነት ሐይቁ ዳር ባሠሩት የእንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ ናት። አያ ጌትነት የጎንደር አራዳ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቢሮ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ግቢ ማልማት አማራቸው። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ለዕንቁጣጣሽ ጠርተው ነበር። በሐምሌ አያ ጌትነት መጥተው ሲያዩ ከበሩ እስከ ውኃው የበቀለው ለምለም ነገር ዓይናቸውን ወጋቸው።

«ይኼ አረም ምነው አልተነቀለም?»

«አደይ እኮ ነው፣ አያ ጌትነት።»

«አደይ ጠፍቶኝ ነው? አደይ ቢጫ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ቢጫው ተቀጥፎ፣ በሣር ታስሮ በየመስከረሙ ደጃቸው ሲመጣላቸው ስድሳ ዓመት ተቀብለዋል። ቡቃያውን ግን ከየት አውቀውት! ንቀይ ብለዋት ሄዱ፤ እሷ ግን አንዲትም አልነቀለች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ አያ ጌትነት ሱሪያቸውን ጠቅልለው የግቢውን ግማሽ በገዛ እጃቸው ነቅለው ጨርሰዋል። በምትኩ ከጎንደር በመኪና ያመጡትን በጣሳ የተተከለ ጽጌረዳ ደርድረዋል። እንባዋ መጣ። ነጠላዋን አደግድጋ ከቀረው ግማሽ ፊት ቆመች።

«ከዚህ አንዲት ከተነቀለች እኔንም አብረው ይንቀሉኝ!»

«እስከ ዕንቁጣጣሽ!» አሉ ተናደው። «ያን ቀን አረም ሆኖ ከተገኘ ሥራሽን ለቀሽ ትሄጃለሽ።»

ጳጉሜን ሙሉ ዘነበ። እንቡጡ ሁሉ እንደ ጨበጠ ቀረ። በደጋው አገሯ አደይ አንዳንድ ዓመት እስከ መስቀል እንደሚዘገይ ታውቃለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የዕንቁጣጣሽ ዕለት ፀሐይ ወጣች። እንኳየሁ አንገቷን ደፍታ በሩን ገፋች፤ ቀና ስትል ያ ግማሽ ግቢ እስከ ሐይቁ ድረስ ቢጫ ሆኗል። መኮትኮቻዋን ወርውራ እልልታዋን አቀለጠችው። ሠርግ ያለ መስሏቸው የጎረቤት ሴቶች አጥር ላይ ተንጠለጠሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ደረሱ። ዝናብ የደበደበውን ጽጌረዳ ዘወር ብሎ ያየው የለም፤ ሁሉም አደዩ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ሲነሣ ዋለ። አንዲት እናት በጽጌረዳው ጣሳዎች መካከል ያለውን ባዶ ጭቃ እያዩ፣ «ወዲያኛውን ማን አበላሸው?» አሉ።

አያ ጌትነት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ» አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው።

ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ እንኳየሁ መጡ። «ለከርሞ ያንንም ግማሽ ዝሪልኝ።»

«አይዘራም፣ አያ ጌትነት» አለች፣ ፊቷ እንደ ግቢዋ በርቶ። «እርስዎ አይንቀሉት እንጂ፣ እሱ መምጫውን ያውቃል።»