የአያቴ ሜዳሊያ በዋርሳዬ ደረት

የበደለኝ ዋርሳዬ ታደለ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። የምንኖርባትን የሱዳኗን ገዳሪፍ ቤት ለቤት እየዞረ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በዚህ ድንበር ሲዋጉ ለዘማቾች የተሰጡ ሜዳሊያዎችን ይሰበስባል። የአያቴንም «ላጽዳልሽ» ብሎ ወሰደው።

ለማርያም ማኅበር ስንሰበሰብ ግን ደረቱ ላይ አየሁት። ሽማግሌዎቹ «የአርበኛ ልጅ» ብለው ከቄሱ ጎን አስቀምጠውታል፤ ዳቦውም መጀመሪያ ለእሱ ተቆረሰ።

«የማን ነው ልጄ?» አሉት አንዱ።

«የአያቴ ነዋ። ወላሂ፣ ጀግና ነበሩ።»

በማርያም ማኅበር ወላሂ። አያቱ ደግሞ ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ የጦር ወሬ ሲሰሙ ከነአህያቸው የሚሰወሩ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ሜዳሊያውን በመዳፉ ሸፈነ። ሁሉም እንዲሰማ ረጋ ብዬ እንዲህ አልኩት፦

«ታደለ፣ አያቴ ይህን የተሸለመው አንድ እግሩን ሰጥቶ ነው። አንተ የቱን ትሰጣለህ?»