የሽማግሌው ቦታ

ለወደቁት መኳንንት መልእክት አድርሰሃል ተብዬ ተያዝኩና አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ የእህል መጋዘን አስገቡኝ። ጣራው ቆርቆሮ ነው። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን አይጠይቀኝም።

ነፋስ የሚገባው በአንዲት የግድግዳ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ከሥሯ አንድ የወለንጪቲ ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ይተኛሉ። የእስረኛው ደንብ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቦታዋን ይይዛል፣ እሱ ሲወጣ ወይም ሲሞት ተከታዩ ይወርሳል። ተከታዩ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ላይ ቦታቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ጠዋት ነፋሱ ጺማቸውን ሲያነቃንቀው አይቼ፣ አባባ ቤተ መንግሥት ይዘዋል፣ ይባርክልዎ እላቸዋለሁ። እሳቸውም ስቀው በቀዳዳዋ የሚታየውን ያወሩልኛል፤ ግራሩን፣ ውሃ የምትቀዳውን ሴት፣ የባቡሩን ጭስ። እኔም ያየሁት ያህል እጠግባለሁ።

ከዚያ ወባ ጣላቸው። ሲንቀጠቀጡ ውሃ አቀብላቸዋለሁ፣ ላባቸውን እጠርጋለሁ። የአብራካቸው ክፋይ ቢሆን ከዚህ አይበልጥም እያሉ ሌሎቹ አመሰገኑኝ። እኔ ግን ውሃውን ሰጥቼ ስመለስ ዓይኔ ቀዳዳዋ ላይ ይቀራል። ጀርባዬን የት እንደማስደግፍ፣ እግሬን ወዴት እንደምዘረጋ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ እንዳፈጠጥኩ ሽማግሌው ያዙኝ።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «ድሮ ስታየው ትባርክልኝ ነበር። አሁን ዝም ብለህ ታየዋለህ።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የእግር ብረታቸውን ጎትተው ወደ ጥግ ተጠጉና ለአንድ ሰው ወገብ የሚሆን ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና፤ እስክሞት ምን ያስጠብቅሃል። ለሁለታችንም ይበቃል።»

እንዴት ብዬ ልተኛበት? ኩታዬን አወለቅኩና ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ፊታቸውን ሳራግብላቸው ዋልኩ። ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።

ሽማግሌው ዳኑ። እኔም ቦታዋን ሳልይዝ ተፈታሁ።

ዛሬ ነፋስ እንደ ልቡ የሚገባበት ቤት አለኝ፤ ተመስገን ነው። አንዳንዴ እዚያ ተቀምጬ በመዳናቸው ደስ ብሎኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ትኩሳቱ ለቀቃቸው ሲባል መጀመሪያ የተሰማኝ ሌላ ነገር ነበር። ደስታው የመጣው ከእሱ በኋላ ነው።