አያ መኩሪያ ሐርን ሲያበጥር

ባለቤቴ ዘነበች ሞታለች። አርባዋም ወጥቷል።

ልጃችን ትርንጎ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከመታመሟ በፊት የሠራቻት ሹሩባ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ከራሷ ላይ አልወረደም። ማንም እንዲፈታው አትፈቅድም። «እማዬ የሠራችው ነው» ትልና ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ትቀመጣለች። ጠጉሩ ከሥሩ አድጎ፣ አቧራ ገብቶበት፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ተድበልብሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማቴ እሜት ጥሩነሽ ምላጭ በወረቀት ጠቅልለው መጡ።

«ይላጭ» አሉ። «ከርሞ ይበቅላል። እንዲህ ሆኖ የሰው ልጅ ራስ አይመስልም።»

«እኔ እፈታዋለሁ፣ እሜት።»

እጄን አዩት። አዘዞ ጋራዥ ነው የምሠራው። እጄ ግራሶ ጠጥቶ የጠቆረ ነው።

«በዚህ እጅህ? ምነው፣ ልጅቱ ማኪና መሰለችህ?»

«እስኪመሽ ይታገሡኝ።»

ምላጩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ከተላጨ ዘነበች በእጇ የሠራችው የመጨረሻው ነገር ተጠርጎ ይጣላል። ትርንጎም ይህን ታውቃለች። እኔ ግን ጠጉር መፍታት ከማን እንደተማርኩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልፈራሁም።

ልጅ ሳለሁ የኖርኩት እዚሁ ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ከፍ ብሎ፣ በአባቴ ታላቅ ወንድም በአያ መኩሪያ ቤት ነው። አባቴ ሳንጃ ሰሊጥ ይነግድ ነበር፤ እኔን ለትምህርት ብሎ ለወንድሙ ሰጠኝ። አያ መኩሪያ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ በጠላት ዘመን አርማጭሆ በረሃ ጠመንጃ ይዞ የከረመ ሰው ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጣልያን ሠርቶት በሄደው ቤት ለሚኖሩ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ዘበኛ ሆነ። ሴትዮዋ ውሻ ነበረቻት።

ውሻ ስል በየደጁ ታስሮ ሲጮህ የሚያድረውን ማለቴ አይደለም። ይህች ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቷ ከአውራ ዶሮ ያንሳል። ጠጉሯ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ የሚያበራ ሐር ነው። ከጀርባዋ መሐል እንደ ሴት ጠጉር ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ መሬት ይነካል። ጀርባዋ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ራሷና እግሮቿ የማር ወለላ ይመስላሉ። ጆሮዎቿ ትንንሽ ናቸው፤ ሁልጊዜም እንደቆሙ ነው። ጠጉሩ ዓይኗን እንዳይጋርደው አናቷ ላይ በቀይ ክር ይታሰራል። መጠኗን የምታውቅ ግን አይመስለኝም። በሬ ሲያልፍ ካየች በሬውን ለማስቆም ትሮጣለች።

ሴትዮዋ በአስተርጓሚ እንደነገረችው፣ በአገሯ የዚህች ውሻ ቅድመ አያቶች የሚኖሩት ጨርቅ በሚሠራበት ቤት ውስጥ ነበር። ሥራቸው ክር የሚበላ አይጥ መያዝ ነው። የሀብታም እቅፍ ውስጥ የገቡት በኋላ ነው። አያ መኩሪያ ይህን ከሰማ ወዲህ ውሻይቱን በሌላ ዓይን ያያት ጀመር። «ለካ የሥራ ሰው ልጅ ናት» ይል ነበር።

ባልና ሚስቱ ሲሄዱ፣ ወደሚሄዱበት አገር ውሻ አይገባም ተባለ። ሴትዮዋ ከቤቱ ሰው ሁሉ መርጣ ለአያ መኩሪያ ሰጠችው። ብሩሽና አንድ ጥቅል ቀይ ክር ጨመረችለት። ማኪናው ወደ አዘዞ ቁልቁል ወርዶ እስኪሰወር ድረስ ውሻይቱን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ቆመ። ሴትዮዋ ያወጣችላት ስም ለምላሳችን አልመች ስላለ፣ ሐር አላት።

«አደራ ነው» አለኝ ቤት ሲገባ። «ጠጉሯ ከተበላሸ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰፈሩ ሳቀ። ጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ዋሴ ደግሞ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በላይ ብቅ ይላል።

«አያ መኩሪያ፣ ወይዘሮ እንዴት አደሩ? ራሳቸውን ተሠሩ?»

«ተሠሩ። ሚስትህ ቀናች እንዴ?»

«ያ ሁሉ ጀግንነት! የውሻ ደንገጡር ሆነህ ቀረህ በቃ!»

ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ልጆች «የውሻ ደንገጡር ልጅ» እያሉ እስከ ትምህርት ቤት ይከተሉኝ ነበር። እያለቀስኩ ለአያ መኩሪያ ነገርኩት። ሳቀ።

«ደንገጡር የሚገኘው ቤተ መንግሥት ነው። ቤታችንን ምን እንዳሉት አልገባቸውም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስድቡን ደረቴን ነፍቼ እቀበለው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ግን ሥራው አልተሳካለትም። ጠጉሯ ደረቀ ብሎ ለጋ ቅቤ ቀባት። እኛ ጠጉር ሲደርቅ ሌላ ምን እናውቃለን? ሐር ራሷን ስትልስ አደረች። ጠዋት በሩን ስንከፍት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ደጃችን ተሰልፏል። አያ መኩሪያ ዱላ አነሣ። ዋሴ ከአጥሩ በላይ ሆኖ፣ «ምነው ታባርራቸዋለህ! ሽማግሌ ሆነው መጥተው ነው!» እያለ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ጥቂት የጉሎ ዘይት በመዳፉ አሽቶ ብቻ ጫፍ ጫፉን ያስነካት ነበር። በለብታ ውሃና በሳሙና ያጥባታል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል። ከላይ ሐር ብትሆንም ከሥር እንደ ሌላ ውሻ የሚያሞቅ ድርብ ጠጉር የላትምና ክረምት ሲገባ ከአሮጌ ጋቢ ቀዶ ልብስ ሰፋላት። ጥርሷን እንኳ የወይራ መፋቂያ ጫፍ አኝኮ አለስልሶ ይፍቅላት ነበር። የሴትዮዋ ብሩሽ ሲረግፍ የቀንድ ሚዶ አስጠረበላት።

ሥራው ሁሉ የሚጠናቀቀው ሲመሽ ነበር። ያኔ ፋኖሱ ከምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ነዶ ፍም ሆኗል፤ ጭሱ ጣራው ሥር እንደ ተንጣለለ ይቆያል። አያ መኩሪያ እጁን ፍሙ ላይ ያሞቃል። በቀዝቃዛ እጅ አይነካትም። ከዚያ ጭኑ ላይ ያስተኛትና ከጠጉሩ ጫፍ ይጀምራል፤ ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ወደ ላይ፣ እሱ ሲፈታ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ። የተቋጠረ ቦታ ሲደርስ ሥሩን በግራ እጁ ጭምቅ አድርጎ ይይዝና በቀኙ ይፈታል። እንዲህ ከሆነ ሚዶው ቢጎትትም ቆዳው አይሰማውም። ይህን ሲያደርግ ነበር ተረት የሚነግረን።

ተረቱ አንድ ነበር። አንድ ንጉሥ ለሚነግሥበት ቀን በወርቅና በጥቁር ሐር የተሠራ ካባ ያዛል። ሽማኔው ቀን የሠራውን አይጥ ሌሊት ይበጣጥሰዋል። ንጉሡ ወታደር አቆመ፤ ጦሩ የአይጥ ጉድጓድ አይገባም። አንበሳ አመጣ፤ አንበሳው በር ላይ ቀረ። በመጨረሻ አንዲት ራቁቷን የሆነች ትንሽ ውሻ፣ «እኔ ልግባ» አለች። አይጦቹን ፈጅታ ስትወጣ የተበጠሰው ክር ሁሉ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ወርቁ በራሷ ጥቁሩ በጀርባዋ በቅሎ ቀረ። ለንጉሡም ካባ የሚሆን ክር ጠፋ። ታዲያ ምን ለብሶ ይንገሥ?

እዚህ ስንደርስ አያ መኩሪያ ቀዩን ክር አናቷ ላይ ያስራል። «የቀረው ነገ» ይላል። ነገ ደግሞ ተረቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ጠጉሯ ክፉኛ ከተቋጠረ ወታደሮቹ ይጣላሉ፣ አንበሳው ይታመማል፣ ሽማኔው ይሸሻል። ቋጠሮው ሲፈታ ሁሉም ይታረቃል። ጠጉሩ ለስላሳ የሆነ ቀን ተረቱ አጭር ነው። ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንድ ክረምት አይጥ የዋሴን ጎተራ ወረረው። ድመት አስገባ፤ ድመቷ በማግሥቱ ጠፋች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ በላይ ሳይሆን በበሩ መጣ።

«አያ መኩሪያ፣ ያችን ነገር ብታውሰኝ።»

«የቷን ነገር?»

«ትንሿን።»

«ስም አላት።»

«ሐርን።»

አያ መኩሪያ ከበሩ ፈቀቅ አላለም። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በላይ ስትጠራ የከረመችበትን ማዕረግ ይጠብቃል።

«እሺ፣ ወይዘሮ ሐርን! ጤፌ አለቀ እኮ፣ ወንድሜ!»

አያ መኩሪያ ጠጉሯን በጨርቅ ቁራጭ እየጠቀለለ አስሮ ጎተራው ሥር ለቀቃት። ሁላችንም ውጭ ቆመን አዳመጥን። ብዙ ትርምስ ተሰማ። ስትወጣ ጭቃ ለብሳ፣ የራሷን ራስ የሚያህል አይጥ አንጠልጥላ ነበር። አያ መኩሪያ እግር ሥር ጣለችውና ተመልሳ ገባች። ሲመሽ የሞቱትን በአካፋ ዛቅናቸው። ዋሴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይህችስ የጦር ሰው ናት» አለ። አያ መኩሪያ አቅፏት ሰፈሩን ዞሮ በረጅሙ መንገድ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔም ከጎኑ ነበርኩ። ያን ቀን የነበረኝን ኩራት ሠርጌ ዕለት ብቻ ነው የደገምኩት።

ያን ምሽት ጠጉሯ እንደ ጭቃ ግድግዳ ስለነበር ተረቱ ረዘመ። ዋሴም ተቀምጦ ሰማ። ክሩ ሲታሰር፣ «ታዲያ ንጉሡ ምን ለበሰ?» አለ።

«ነገ።»

በማግሥቱም መጣ።

ቆይቶ አያ መኩሪያ ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጠፋ። እንደ ልማዱ እጁን አሙቆ አስተኛት። ሐር ግን ዘላ ወረደች። አስተኛት፤ ወረደች። ወደ እኔ ዞሮ በአገጩ «ተናገር» አለኝ። «አንድ ንጉሥ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ሐር ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ተኛች። ዝም ስል ትነሣለች፤ ስቀጥል ትተኛለች። ያኔ ገባኝ። ተረቱ ለእኔ አልነበረም፤ ለዋሴም አልነበረም። ለእሷ ነበር። እኛ በእሷ ዕድል ነው የሰማነው። አላዘንኩም። እንዲያውም እስኪያስራት ድረስ ሳላቋርጥ መንገሬ አኮራኝ። አያ መኩሪያ ድምፅ በሌለው አፉ፣ «ሸጋ ነው» አለኝ።

ሐር አረጀች። ወርቁ ነጣ፤ ዓይኗ ደከመ። አንድ ምሽት ጭኑ ላይ ተኝታ ሲያበጥራት መተንፈሷን አቆመች። እኔ ያየሁት እጁ ትንሽ ሲዘገይ ነው። ተረቱን ግን አላቆመም። ጠጉሯን እስከ መጨረሻው አበጠረው፣ ለሁለት ከፈለው፣ ቀዩን ክር አሰረ። «የቀረው ነገ» አላለም። ንጉሡ ተራ ሸማ ለብሶ፣ ትንሿን ውሻ በክንዱ ታቅፎ አደባባይ ወጣ አለን፤ ሕዝቡም እንዲህ ያለ ካባ አይተን አናውቅም ብሎ እልል አለ። መጨረሻውን የሰማሁት ያን ምሽት ብቻ ነው። አያ መኩሪያ ካረፈ ቆይቷል። እስኪያርፍ ድረስ አደራውን ሳላበላሽ መለስኩ ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ምድጃው ላይ እጄን አሞቅኩ። የዘነበችን ሚዶ አነሣሁ። ትርንጎ ራሷን በእጆቿ ይዛለች።

«እማዬ የሠራችው ነው።»

«አዎ። እማዬ ያሰረችበትን ክር አንድ በአንድ እጅሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። አንዱም አይጠፋም። አንድ ንጉሥ ነበር...»

ብዙ አልናገርም፤ በጋራዡም በዚህ ይቀልዱብኛል። ያን ዕለት ግን ወታደሮቹን አጣላሁ፣ አንበሳውን አሳመምኩ፣ ሽማኔውን እስከ አዲ አርቃይ አሸሸሁት። ቋጠሮው በበዛ ቁጥር ሽማኔው ይርቃል። መጀመሪያ አንድ እጇ ከራሷ ወረደ፤ ቀጥሎ ሌላው። ዘነበች ጫፉን ያሰረችበትን ቀይ ክር እየፈታሁ መዳፏ ላይ አኖርኩ። ሲመሽ ፋኖሱን አበራሁ። ጠጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘረጋ። የእናቷ ጠጉር ነው፤ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ትርንጎ ጭኔ ላይ ተኝታ አንቀላፍታለች።

እሜት ጥሩነሽ ምላጩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ማን አስተማረህ?»

«አያ መኩሪያ።»

«የቱ መኩሪያ? የውሻው ደንገጡር?»

«አዎ» አልኳቸው። «እሱ።»

ፍሙን ጫሩ።

«ንጉሡስ ታዲያ ምን ለበሰ?»

መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ትርንጎ ግን ነገም ትበጠራለች።

«ነገ፣ እሜት» አልኳቸው። ከመዳፏ አንዱን ቀይ ክር ቀስ ብዬ ወሰድኩና ጠጉሯን አናቷ ላይ አሰርኩ።