የኤሎይዝ ሁለተኛ እናት

ኦዲል ቬርዴን የጀልባ ሞተር መካኒክ ናት። እኔ በረዶ የምሸጥበት ቤትና የእሷ ጋራዥ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ስትሳደብም ስትዘፍንም እሰማታለሁ። በደቡብ ሉዊዚያና፣ ሽሪምፕ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያስሩበት በዚህ ረግረግ ዳር፣ ሞተር እምቢ ያለው ሁሉ ደጇ ላይ ይቆማል። ሰው ግን የሚያማት በሌላ ነገር ነበር። ከማርሊን ፒትር ጋር ጎጆ ቀልሳ መኖሯ ነበር ወሬው።

ማርሊን ባህር መሃል በተተከለ የነዳጅ ማውጫ ላይ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስላለች። ሁለት ሳምንት እዚያ ትከርማለች፣ ሁለት ሳምንት ቤቷ። ልጅ እንዲኖራቸው ተማክረው በሐኪም እርዳታ ስታረግዝ፣ እናቷ ወይዘሮ ዩላ፣ "ያንን ልጅ ይዘሽ ደጄን እንዳትረግጪ" አሏት። እሷም እልኸኛ ናት፤ አልረገጠችም።

ኤሎይዝ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠችው ኦዲል ናት። ማርሊን ባህር ላይ ስትሆን ገላዋን የምታጥባት፣ ጸጉሯን የምትጎነጉንላት፣ ትኩሳት ሲይዛት አቅፋት የምታድር እሷ ነበረች። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ የለም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። ያን ጊዜ በእኛ ስቴት ሁለት ሴቶች መጋባት አይፈቀድላቸውም፤ ሳይጋቡ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ልጅ በጉዲፈቻ መያዝ አትችልም። በህግ ዓይን ኦዲልና አላፊ አግዳሚው አንድ ነበሩ።

ስለዚህ ልጅቷን ሁለት ስም አስተማሯት። ቤት ውስጥ "እማዬ ኦዲል"፣ ውጭ "ክርስትና እናቴ"። አንድ ቀን ገበያ መሃል ኤሎይዝ ረስታ፣ "እማዬ ኦዲል፣ ይሄን ግዢልኝ" ብላ ተጣራች። ኦዲል በኋላ ስትነግረኝ ዓይኗን ከመፍቻዋ ላይ አላነሳችም።

"የገዛ ልጄ ስትጠራኝ እንደ ሌባ ዙሪያዬን ገላመጥኩ" አለችኝ።

ኤሎይዝ ስምንት ዓመት እንደሞላት አንድ ረፋድ ላይ ሆዷን ይዛ ተኮማተረች። ኦዲል የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሆስፒታል አደረሰቻት። ትርፍ አንጀት ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ።

"ምኗ ነሽ?" አለች መዝጋቢዋ።

"እናቷ።"

"መዝገቡ እናቷ ማርሊን ፒትር ናት ነው የሚለው።"

"እሷም እናቷ ናት።"

"የኔ እህት፣ ህጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የሚፈርም የሥጋ ዘመድ ፈልጊልኝ።"

ባህሩ ላይ ማዕበል ተነስቶ ስለነበር ማርሊን ያለችበት ስልክ አልገባ አለ። ሐኪሙ፣ ነገሩ ከባሰ ያለ ፊርማም ኦፕራሲዮን እናደርጋታለን፣ እስከዚያ ግን ዘመድ ይፈለግ ብሎ ገባ። ልጅቷን በአልጋ እየገፉ ወሰዷት፤ በሩ ኦዲል ፊት ተዘጋ። እሷም ስምንት ዓመት ሙሉ ያልደወለችበት ቁጥር ላይ ደወለች።

"ወይዘሮ ዩላ፣ ኦዲል ነኝ።"

"የትኛዋ ኦዲል?"

"የትኛዋ እንደሆንኩ ያውቃሉ። የልጅ ልጅዎ ታማለች። እኔ መፈረም አልችልም፣ እርስዎ ይችላሉ። ይምጡና ይፈርሙ፤ ከዚያ እንደፈለጉ ይስደቡኝ።"

ሴትዮዋ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ መጡ። ልጅቷን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ቢሆንም አያት መሆናቸውን ሲናገሩ ወንበር ተሳበላቸው፣ እስክሪብቶ ተሰጣቸው፣ በሩም ተከፈተላቸው።

ውስጥ ገብተው ብዙ አልቆዩም። ልጅቷ በሕመሟ መሃል አየት አድርጋቸው፣ "አንቺ ማነሽ? እማዬ ኦዲልስ?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ወይዘሮ ዩላ ተመልሰው ወጡና መዝጋቢዋ ፊት ቆሙ።

"ልጅቷ እናቷን ትጣራለች። እናቷ ያቺ ግራሶ የተለቀለቀችው ናት። አስገቢያት።"

"እማማ፣ ህጉ እኮ..."

"አያት ነኝ አይደል? አያቷ ፈቅዳለች።"

ኦዲል ገባች፤ ልጅቷን ማደንዘዣው እስኪወስዳት ድረስ እጇን ይዛ ቆየች። ሐኪሞቹ ሲሠሩ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"እጅሽን ታጠቢ" አሉ በመጨረሻ ወይዘሮ ዩላ።

"ታጥቤያለሁ። አይለቅም።"

"ባሌም እንደዚሁ ይለኝ ነበር።"

እርቃቸው ይኸው ነበር። ልጅቷ ድና ከወጣች ጀምሮ ወይዘሮ ዩላ እሑድ እሑድ ድስታቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ስለ ቤቱ አቧራ ያማርራሉ፣ ማርሊንን ከስታለች ይላሉ፣ ኤሎይዝን ካርታ ጨዋታ ያስተምራሉ፤ ያጭበረብሯታልም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋብቻ ለእነሱም እንደሚገባ ወሰነ። በዚያው ክረምት ተጋቡ። ኦዲል ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ጠበቃዋ ግን፣ "ጋብቻው ሚስት አደረገሽ እንጂ እናት አላደረገሽም። ልጅቷን በጉዲፈቻ መጠየቅ አለብሽ" አላት።

"የራሴን ልጅ?"

"የራስሽን ልጅ።"

ማርሊን በንዴት አበደች። አሥር ዓመት ያሳደገች እናት ቤቷ ይፈተሽ፣ ወንጀለኛ አለመሆኗ ይጣራ ይባላል! ኦዲል ግን፣ "የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ" አለች። አሻራ ልትሰጥ ስትሄድ ጣቶቿ በሥራ ብዛት ለስልሰው መሣሪያው አላነብ አለ።

"እጅሽን አሳርፊና ተመለሽ" አላት ፖሊሱ።

"ሌባ መሆን ሲገባኝ መካኒክ ሆንኩ" አለችው።

የችሎቱ ቀን ጋራዡንም በረዶ ቤቱንም ዘግተን ሄድን። እኔን ወደ ውስጥ አላስገቡኝም፤ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ዳኛው ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው። መዝገቡን አገላብጠው፣ "ይህች ልጅ እናት አላት፣ አያትም አላት። ይህ ደግሞ ምን ይጨምርላታል?" ብለው ጠየቁ።

ጠበቃው አፉን ሳይከፍት ወይዘሮ ዩላ ተነሱ።

"ክቡር ዳኛ፣ ልጅቷ በታመመች ጊዜ እኔ ፈረምኩ። መልኳን እንኳ አላውቀውም ነበር። ደሜ ፊርማዬን አስከበረልኝ እንጂ ልጅቷን አላሳወቀኝም። ይቺ ሴት ግን ውጭ ቀረች። ልጄ ማርሊን የምትሠራው ባህር ላይ ነው፤ አንድ ነገር ቢያገኛት ይህች ልጅ ለማን ናት? ለእኔ? እኔ አርጅቻለሁ፤ በዚያ ላይ ደጄን ዘግቼባት የኖርኩ ነኝ። ላሳደገቻት ስጧት።"

ማርሊን እናቷ ደጃቸውን መዝጋታቸውን በገዛ አፋቸው ሲያምኑ የሰማችው ያን ቀን ነው። መሃረቧን አውጥታ ፊቷን ሸፈነች።

ዳኛው ወደ ኤሎይዝ ዞሩ። "አንቺስ፣ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?"

"አዎ። ቶሎ ካለቀ ትምህርት ቤት ትመልሱኛላችሁ?"

ዳኛው ሳቁ። "ዛሬ ከእናቶችሽ ጋር እንድትውዪ አዝዣለሁ" አሉና ፈረሙ።

በሩ ተከፍቶ ኦዲል ወጣች። ፊቷን ማየት በቂ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በመገናኛ ራዲዮ ለጀልቦቹ ተናገርኩ፤ "ኦዲል አሸነፈች፤ እየመጣን ነው" ብቻ ነው ያልኩት።

መንገዳችን ውሃውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዋ ጀልባ ጥሩምባዋን ስትነፋ ኦዲል ለእሷ መሆኑ አልገባትም። ሁለተኛዋ ነፋች፣ ቀጥላ ሌላዋ፤ ከዚያ ዳር እስከ ዳር የታሰሩት ሁሉ ተቀባበሉት። "እነዚያ ሁለቱ" እያለ ሲያሽሟጥጥ የኖረው አርሴን እንኳ የጥሩምባውን ገመድ ስቦ አልለቅ አለ፤ ሞተሩን ስንቴ እንዳዳነችለት እሱ ያውቃል። ኦዲል መኪናዋን አቁማ ወረደች። ልጇን በአንድ እጇ፣ ሚስቷን በሌላው ይዛ ውሃው ዳር ቆመች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

ማታ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ሽሪምፕ በበርሜል ተቀቀለ። ወይዘሮ ዩላ የማርሊንን ሾርባ ቀምሰው፣ "ባህር ላይ ያሉት ሰዎች ይህን ይበላሉ? ምስኪኖች" አሉ፤ ሁለት ጊዜ ግን አስጨመሩ። ኤሎይዝ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች ታስጨፍራለች።

አርሴን ከጭፈራው መሃል ወጥቶ፣ "ኦዲል፣ ነገ በጠዋት ሞተሬን ታይልኛለሽ?" አላት።

"ነገ ዝግ ነው" አለችው። "ከልጄ ጋር ዓሣ ላጠምድ ነው።"