ሠራዊቱ ምን በላ?

ዛሬ የልቦለዴን አንድ ምዕራፍ ሳነብላቸው አያ ይመር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

አያ ይመር እዚህ ቆቦ የጎረቤቴ አባት ናቸው፤ ዋጃ አጠገብ ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። በመካከለኛው ዘመን በራያ ሜዳ ከነሠራዊቱ ሰፍሮ ስላለፈ አንድ ንጉሥ አራት ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

ስህተት እንዳይገኝበት ጋሻውን፣ ጦሩን፣ ኮርቻውን ሁሉ አጣርቻለሁ። (በመጀመሪያው ረቂቅ ወታደሮቼን የበቆሎ እሸት አብልቻቸው ነበር፤ በቆሎ ገና አገራችን ሳይገባ!)

"መምህር፣ ይህ ሁሉ ሰው ሦስት ሳምንት ሲሰፍር ምን በላ?" አሉኝ።

"ስንቅ ይዞ ነዋ የመጣው" አልኩ።

"ስንቁማ የእኛ የእህል ጉድጓድ ነው። ባለፈው ጦርነት ወታደሮቹ መጥተው የቀበርኩትን ማሽላ አወጡት። በሬዎቼን ደጄ ላይ አረዷቸው። ዘሀራ ያለችንን ዱቄት ለልጆቹ እያለች፣ እሷ ሳትበላ ሞተችብኝ።"

ዘሀራ ባለቤታቸው ነበሩ።

 

"ገበሬው በእልልታ ተቀበላቸው ብለሃል" አሉ ቀስ ብለው። "እልል ብሎ ይሆናል። ፈርቶ ነው።"

 ከዚያ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ታጥበው ውዱ ሊያደርጉ ተነሱ።

ለማተሚያ ቤቱ ደውዬ ሥራውን አስቆምኩ። ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ።

ወዳጆቼ፣ በእናንተ ደጅም ጦር አልፎ ከሆነ ጻፉልኝ። የማን ጦር እንደነበር ይቅር፤ ማንን እንዳሳጣችሁ ብቻ ንገሩኝ።