ወንድሜን ያዘልኩባቸው አራት ቀናት

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ወደ ጊንጆ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሕፃን ልጇን ጭኗ ላይ ለማስቀመጥ ትታገል ነበር። ልጁ መቀመጥ አልፈለገም። አንድ እግሩን እሷ ጭን ላይ፣ ሌላውን እኔ ጭን ላይ ተክሎ ቆመና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ይገፋ ጀመር። እናትየዋ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሱሪህን አቆሸሸብህ" አለችኝ። ምንም አይደለም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ስለ ሱሪዬ አላሰብኩም። ያቺ ትንሽ ተረከዝ ስትገፋኝ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጀርባዬ ላይ፣ የድሮ ሕመም የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ወንድሜ ሕፃን ሳለ እዚያው ቦታ ላይ በሁለት እግሩ አራት ቀን ሙሉ ደብድቦኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዓመት ከሦስት ወሩ። እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። በዚያ ዓመት ከአጋሮ አልፎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድባ ስለነበር ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሄዳ የምትመለሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባቴ ከመሃል አገር በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ጅማ የገባ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል ሰው ነው። ስለዚህ ወንድሜን የሚይዙልን አብረውን በአንድ ግቢ የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። የግቢው ልጆች ሁሉ "እማማ" እንላቸዋለን። እኔ የምማረው ጠዋት ብቻ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ልጁን የምረከበው እኔ ነበርኩ።

እናቴ የሰው ልጅ ሲወለድ እያየች የራሷ ልጅ ሲያድግ አታይም ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ናት፣ ልብስ እያጠበች ለአባቴ ስትነግረው የሰማኋት። የመጀመሪያ ጥርሱ ማክሰኞ ቀን ወጣ፤ እማማ ሲያጎርሱት ማንኪያው ከጥርሱ ጋር ሲጋጭ ቂው ሲል ሰሙ። "አባ" ያለው ደግሞ አንድ ሐሙስ ነው። የጥርሱን ቅዳሜ ስትመጣ ነገርናትና ደስ ብሏት በጣቷ ዳሰሰችው። ስለ "አባ" ስንነግራት ግን ሳቀችና ወደ ቧንቧው ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ በጣም ቆየች። ስትመለስ እኔን ጠርታ "መራመዱን ግን እኔ ሳላይ እንዳታስጀምረው" አለችኝ። እየቀለደች ነበር። ያኔ ግን ትእዛዝ መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ ሲያዙኝ ደስ የሚለኝ ልጅ ነበርኩ።

ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው። እናቴ በዓሉን እቤት ለማሳለፍ ብላ ተረኛነቷን ከባልደረባዋ ጋር ስለተለዋወጠች በዚያ ሳምንት ቅዳሜ አልመጣችም። የምንጠብቃት ለዋዜማው ነበር። የእማማ ቡና ግቢው መሃል ሸራ ላይ ተሰጥቷል። በዚያ ወር ከተማው ሁሉ በሚደርቅ ቡና ሽታ ይሞላል፤ ጎምዘዝም ጣፈጥም ያለ፣ ዕቃ ውስጥ የተረሳ ማር የመሰለ ሽታ ነው። የእኔ ሥራ ዶሮዎቹን ከሸራው ማባረርና ወንድሜ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አፉ ውስጥ እንዳይከት መጠበቅ ነበር።

እማማ ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ወደ ቤታቸው ገብተው ግቢው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ የአጥሩ ጥላ ሸራው ድረስ ደርሷል። ወንድሜ ከሸራው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ጀንፈል ዘግኗል። እስከዚያ ቀን ድረስ መነሳት የሚያውቀው መሬት ተደግፎ፣ ወይም ሶፋ ይዞ ነው። አሁን እጁ ሙሉ ነው። ጀንፈሉን ጥሎ መሬቱን ይደገፋል ብዬ ሳየው አልጣለም። አጎነበሰ፣ ቂጡን ወደ ላይ አነሳ፣ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አንድ ተራመደ። ቆም ብሎ አየኝ። ሁለት። ከእግሩ ሥር ጀንፈሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ ሌላ ድምፅ ግን በዓለም ላይ የቀረ አልመሰለኝም። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ሰውነቴን ወረረኝ። ትናንት ሲድህ የነበረ ፍጥረት በሁለት እግሩ ሰው ሆኖ ወደ እኔ እየመጣ ነው፣ ይህን የማየው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት። አራተኛውን እንደተራመደ እላዬ ላይ ወደቀና እጁን ከፍቶ ጀንፈሉን ሰጠኝ። በላብ ርሷል።

እማማን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ወዲያው የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ልጁን አስቀመጥኩት። ተነሳ። እንደገና አስቀመጥኩት። እንደገና ተነሳ። ነገሩን ካወቀ በኋላ ማን ይመልሰዋል? በዚህ አያያዙ እማማ ከሶላት ሳይወጡ ግቢውን ዞሮ ይጨርሰዋል። ሮጬ ገባሁና የእናቴን ነጠላ አምጥቼ አዘልኩት።

ከዚያ በኋላ እግሩን መሬት አላስነካሁትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ አዝለዋለሁ፣ እራት ስበላ ጭኔ ላይ ነው፣ ሲተኛ ብቻ አወርደዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እማማም ሥራቸውን የሚሠሩት አዝለውት ስለነበር ያ አላሳሰበኝም። ያስቸገረኝ አባቴ ነው። በእኛ ቤት ሕፃን ለመቆም ሲንገዳገድ "ወፌ ቆመች" እየተባለ ይጨበጨብለታል፤ ወንድሜ ይህን ከሰማ የትም ቢሆን ይነሳል። አባቴ ማታ ከቢሮ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ይቺ ጭብጨባ ነበረች። ሊጀምር እጁን ሲያነሳ "ተኝቷል አባዬ" እለዋለሁ፣ ልጁ በትከሻዬ በኩል ዓይኑን አፍጥጦ እያየው። አባቴ እየሳቀ "እንዲህ ዓይነት ወንድም የት ይገኛል" ብሎ ጭንቅላቴን ይዳብሰኛል። በውሸቴ አላፈርኩም፣ እንዲያውም ኮራሁ።

የሰፈሩ ልጆች ለገና ጨዋታ ዱላቸውን ቆርጠው ሜዳ ላይ ይጠብቁኛል። እኔ ልጅ አዝዬ ዳር ቆሜ አያለሁ። "ሞግዚቷ መጣች" ይሉኛል። አንዱማ ጡት እንዳለኝ ጠየቀኝ። ወንድሜ ደግሞ ከኋላዬ በተረከዙ ኩላሊቴን ይደበድበኛል። በመጀመሪያው ቀን ታገለ፤ ነጠላው ውስጥ ቀጥ ብሎ ሊቆም እየሞከረ ይገፋኛል። በሁለተኛው ቀን አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ዝም አለ፤ ጉንጩን ጀርባዬ ላይ ለጥፎ ይተነፍሳል። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

አሁን ይህን ሳስብ ደስታዬ ያሳፍረኛል።

በአራተኛው ቀን፣ በዋዜማው ጠዋት፣ እናቴ ከመምጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ላለማምደው ብዬ ጓዳ ውስጥ አወረድኩት። እግሩን መሬት ሳስነካው ጉልበቱ ታጠፈና ተቀመጠ። በሹክሹክታ "ወፌ ቆመች" አልኩት። አየኝ። ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ እዘለኝ ማለቱ ነው። ብብቱን ይዤ አነሳሁት፤ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰበሰባቸው። ከሸራው ጀንፈል አምጥቼ እጁን ሞላሁለት፤ ተቀምጦ ይጫወትበት ጀመር። የወንድሜን እግር ገድዬዋለሁ አልኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እንደዚያ ብዬ በቃሌ ነው ያልኩት።

እያለቀስኩ እማማ ጋ ሄድኩ። ሸራው ዳር ተቀምጠው ቡናውን በእጃቸው ያገላብጣሉ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አሉኝ።

አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ነው። "ወላሂ እኔ ልጁ አሞት ነው ብዬ እኮ ነበር" አሉ። "ለእናትህ ንገራታ።"

"አልችልም። እሷ ማየት ነበረባት።"

"እንግዲያው አውርደውና ተወው። ሲፈልግ ይነሳል።"

"ዛሬ ባይፈልግስ እማማ?"

"ጃባዹ ኢልመኮ፣ አይዞህ ልጄ" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

እናቴ የደረሰችው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ቡና የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ይዘውት ሚኒባሱ እያዘገመ መጥቶ ፀጉሯና ቅንድቧ አቧራ ለብሷል። አባቴ ዶሮውን እኔ እሠራለሁ ብሎ ተሟግቶ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ሲያለቅስ ነው የዋለው፤ ቤቱ በቁሌት ሽታ ታፍኗል። እናቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንድሜን ስማ ስማ ከቦርሳዋ ቀይ የሕፃን ጫማ አወጣች። "ከአጋሮ ገዛሁለት። በበዓል በባዶ እግሩ አይራመድም" አለች። አላጫማችውም፤ አንዱን በእጇ እንደያዘች ልጁን አቁማ "ወፌ ቆመች" አለችው።

ጉልበቱ ታጠፈ። አነሳችው፤ ታጠፈ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ከዚያ እጇ ተለወጠ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ የእናት እጅ መሆኑ ቀርቶ የነርስ እጅ ሆነ። ዳሌውን ተጫነች፣ ጉልበቱን አጠፈች ዘረጋች፣ ውስጥ እግሩን በጥፍሯ ጫረች።

"ወድቆ ነበር?" አለችኝ።

"አልወደቀም።"

"ትኩሳትስ?"

"የለውም።"

ወደ አባቴ ዞረች። ድምፅዋ ቀጥኗል። "ባለፈው ስመጣ ሶፋ ይዞ ይቆም ነበር እኮ። አሁን እግሩን እንኳ አይጥልም። ከበዓሉ ማግስት ሆስፒታል እንወስደዋለን።" አባቴ እጁን በፎጣ እየጠረገ ቆመ። ወጡ ሲያር ሸተተንና እሱ ወደ ማድ ቤት ሮጠ።

ዝም ብል እናቴ በዓሏን በፍርሃት ልታሳልፍ ነው። ብናገር ስንት ወር የጠበቀችውን ከእጇ ልነጥቃት ነው። ፊቷን ሳየው ግን መቻል አቃተኝ።

"ተራምዷል" አልኩ።

"ማን?"

"እሱ። እማማ ሶላት ላይ ሆነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። አንቺ እንድታዪው ብዬ አራት ቀን አዘልኩት። ከዚያ ረሳው።"

እናቴ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ጥፊ እየጠበቅኩ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ጫማውን አገላበጠችው።

"ስንት ተራመደ?" አለች።

"አራት።"

"እንዴት አድርጎ?"

ያንን በምን ቃል ልንገራት?

"አሳየኝ" አለች።

ወደ በሩ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጁ ጀንፈል ይዞ ነበር ብዬ ሁለት እጄን ጨበጥኩ። ቂጤን አስቀድሜ ተነሳሁ፣ ተወዛወዝኩ፣ ሆዴን ነፍቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ጣቶቼን ወደ ውስጥ አዙሬ አንድ ተራመድኩ። እዚህ ጋ አየኝ አልኳትና ቆሜ አየኋት። ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ጭኗ ላይ ወደቅኩና እጄን ከፈትኩላት። እናቴ እየሳቀች ነበር፣ እንባዋ አቧራውን አጥቦ ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል።

"እንደገና" አለች።

እንደገና ሠራሁላት። "ከመጀመሪያው፣ አነሳሱን" አለች። ወንድሜ እየዳኸ ወደ በሩ ተከትሎኝ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ከበሩ ሥር ተነሳሁ።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ስደርስ እያየችኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓይኗ ከጉልበቴ አጠገብ፣ ከኋላዬ ነው። ሳቋ ተቋረጠ። ጫማ የያዘው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከኋላዬ ባዶ እግር የላስቲኩን ምንጣፍ ጠፍ፣ ጠፍ ሲያደርግ ሰማሁ።

መዞር ፈለግኩ፣ አንገቴ ጀምሮም ነበር። ግን ያኛውን እኔ አይቻለሁ፣ ይሄኛው የእሷ ነው ብዬ ባለሁበት ደረቅኩ። ያየሁት የእናቴን ፊት ነው። ድካሙና አቧራው እዚያው አለ፤ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያውቃት እናት አልነበረችም። ያየችው ነገር እንዳይሰበር የፈራች ይመስል እስትንፋሷን ይዛለች፤ ዓይኗ ሰፍቶ፣ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይቆጥራል። ስንት ሴት አዋልዳ፣ ስንት ልጅ ተቀብላ፣ ሰው ሲቆም አይታ የማታውቅ ትመስል ነበር። እኔም በፊቷ ላይ ያንን የሸራውን ደቂቃ መልሼ አየሁት።

እናቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ወንድሜ አሁን በአንድ ራስ ይበልጠኛል። ገና ሲመጣ እኔ ቤት ይመጣል፣ ከምሳ በኋላም ጠጋ ብሎ እንዴት እንደተራመደ ንገረኝ ይለኛል። የመጀመሪያውን አሳምሬ እነግረዋለሁ። የዚያን ምሽቱን ግን ስንት እንደሄደ፣ ይውደቅ አይውደቅ አላውቅም። ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች፣ እኔ ሳልጠይቃት ሄደች። እሱም ያን ያህል የሚጓጓው ስለ እርምጃው አይደለም። ፊቷ እንዴት እንደነበር ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱ ያኔ እግሩን ሲያይ ነበር።