የአክስቴ ባል ስም

ሎሚ በሸተተኝ ቁጥር አክስቴ ብርቄ ድቅን ትልብኛለች። ልጅ እያለሁ ከሰቆጣ ኮረም በበቅሎ፣ ከኮረም አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ እንዳያስመልሳት ብላ ሎሚዋን ካፍንጫዋ ሳታነሳ ነበር የገባችው። አባቴ ለጉዳይ ሲሄድ «እኅቴ አየር ትለውጥ» ብሎ ይዟት ተነሳ፤ እኔ ደግሞ አልቅሼ ተከተልኳቸው።

ባሏ አያሌው በጣሊያን ጊዜ ዘምቶ በዚያው ቀረ። መርዶው ከተነገራት ስንት ዘመን ሆኖታል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች! «ሬሳውን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩት፤ በቁሙ ተዝካር አላወጣበትም» ትላለች። የነፍስ አባቷ ቢመክሩ ቢቆጡ አልሰማ አለች። ጎረቤቱም «ባሏን ሜዳ ላይ የጣለች» ይላታል። እንዲህ ሲሏት አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

አዲስ አበባ በገባን በማግስቱ አባቴ ለሀገር ለወደቁት የቆመው ሐውልት ዘንድ ወሰደን። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን መስሏት አዲሱን ጫማዋን አወለቀችና ድንጋዩን ተሳለመች። አባቴ በኀፍረት ሊሞት! «እታለም፣ ኧረ ሰው ያያል» ብሎ ቢይዛት እጇን መነጨቀችው። ዘበኛው መጣ።

«ልጄ፣ እዚህ ያረፈው ማነው?» አለችው።

«ብዙ አርበኞች ናቸው እማማ፤ ስማቸው የማይታወቅ።»

«የማይታወቅ? ምን ማለትህ ነው! እኔ እያለሁለት? አያሌው ነው ስሙ! የሰቆጣው አያሌው፣ የብርቄ ባል!»

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር፣ እማማ» አላት።

«ነፍስ ይማር» ያላትን ሁሉ ስታባርር የኖረች ሴት፣ ያን ቀን «አሜን» አለች። ከዚያ ደረቷን እየደቃች በኽምጣኛ ሙሾ አወጣች። የከተማው ሰው ኽምጣኛ ከየት ያውቃል? ግን መንገደኛው ቆመ፤ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራት አለቀሰች። ሲያፍር የነበረው አባቴም ተንሰቀሰቀ። እኔ ፈርቼ አክስቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

ሰቆጣ እንደተመለስን ጠላው ተጠመቀ፣ ካህናቱ ተጠሩ፣ ተዝካሩ ወጣ። አክስቴ በዚያ ድግስ ላይ «እፎይ፣ አሳረፍኩት» ስትል አሁንም ይሰማኛል።

ዛሬ እኔም የአዲስ አበባ ሰው ሆኛለሁ። ሐውልቱ ዘንድ ወጣቱ ፎቶ ይነሳል፣ ታክሲው ይጮኻል፤ አልፈርድባቸውም፣ ደስ ይበላቸው። ያኔ አያሌው ተቆጥታ ስሙን የምታስጠራ ሚስት ነበረችው። አሁን አክስቴም የለች፣ አባቴም የለም፤ እሱን በስሙ የማውቀው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ስለዚህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ አሮጊቷ ለየላት ቢሉኝም ይበሉኝ፣ ስሙን ጮክ ብዬ ነው የምጠራው።